በአሲኝየን ሆድ ውስጥ የነበረው

አሲኝየን ከሐኪም ቤታችን በር ስትደርስ ሆዷ መንታ ያረገዘች ይመስል ነበር። ከወለደች ግን አራት ዓመት አልፏታል። በአህያ ላይ ተቀመጪ ቢሏት አሻፈረኝ ብላ፣ አህያዋን የውሃ ጀሪካን አስጭና እሷ ሁለት ቀን ሙሉ በእግሯ መጣች። ከኋላዋ ጣውንቷ ናኩዋ ቁርበትና የወተት ቅል ተሸክማ ትከተላታለች።

እኔ ያኔ የሚሲዮኑ ሐኪም ቤት ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ የቱርካና ልጅ ስለሆንኩ ደግሞ ከናይሮቢ ለመጣችው ሐኪም፣ ለዶክተር ሙቶኒ፣ አስተረጉማለሁ።

«ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ከድርቁ ዓመት በፊት ነው» አለች ናኩዋ። «ይሄ ልጅ እኮ ጢም አብቅሎ፣ ጦሩን ይዞ ነው የሚወለደው። ሚስት ሁሉ አጭተንለታል።»

አሲኝየን ሳቋ ሲመጣባት ጎኗን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺ፣ አታስቂኝ አልኩሽ! ብስቅ ይፈነዳል።»

እሷ ለቀልድ ትበለው እንጂ እውነት ነበር። እንዲህ ያለው ሆድ ሲፈነዳ አይቻለሁ። አንዲት እናት ከአህያ ላይ ወድቃ፣ እኛ ዘንድ እስክትደርስ እንኳን አልቆየችም።

ዶክተር ሙቶኒ አንድ እጇን በአሲኝየን ሆድ በአንዱ ጎን አሳርፋ ሌላውን ጎን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ውሃ የሞላ ስልቻ እንደሚናጠው ውስጡ ሲናጥ በዓይን ይታያል። ከዚያ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለችና መቀደድ እንዳለበት ነገረቻት። እኔም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ።

«ከዚህ በፊት ስንት ሰው ቀደሻል?» አለች አሲኝየን።

«እንዲህ ያለውን ሰማንያ ሰባት።»

«ስንቱ ሞተ?»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር አለች። እንድትዋሽ የጠበቅኩ እኔ ነኝ። «አምስት ሰው» አለች።

በአሲኝየን ሰፈር ያለው አዋቂ ሦስት ፍየል አሳርዶ፣ ሆዷ ላይ ጭቃ ቀብቶ፣ ይሄ ከድንበር ማዶ ያሉት ቶፖሳዎች የላኩት ድግምት ነው፣ በሚቀጥለው ጨረቃ ይጎድላል ብሏት ነበር። ጨረቃዋ መጥታ ሄደች፤ ሆዱ ግን አልጎደለም።

«አምስት ሞቱብኝ ያለችኝ ትቅደደኝ» አለች አሲኝየን። «አንድም አይሞትብኝም ካለኝ ሰው ነው የመጣሁት።»

ቀዶ ጥገናው ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀ። እኔ መብራቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ጉበቷ ላይ የተቀመጠው ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሕፃን ጭንቅላት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሙቶኒ ዙሪያውን በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት፤ ጠብታ አምልጦ ሌላ ቦታ ካረፈ ሌላ ፊኛ ያበቅላል። ከዚያ በወፍራም መርፌ ቀስ እያለች ቀዳችው። ባልዲው ሞላ፣ ሌላ ባልዲ አመጣን፣ እሱም ተጋመሰ። ውሃው የጠራ የምንጭ ውሃ ነው የሚመስለው፤ ታቹ ላይ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ዘቅጧል። በመጨረሻ የተቀቀለ እንቁላል ነጩን የመሰለ ከረጢት ተስቦ ወጣ። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ የወይን ፍሬ የሚያካክሉ ሌሎች ትንንሽ ፊኛዎች።

በሦስተኛው ቀን አሲኝየን «አሳዩኝ» አለች። ከነአሸዋው በብርጭቆ፣ በአልኮል ውስጥ ያስቀመጥነውን ከረጢት አመጣሁላት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ማን ነው ይሄን ያስገባብኝ?»

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ፍየል ስታርጂ፣ ጉበቷና ሳንባዋ ላይ እንዲህ ያለ የውሃ ፊኛ ካየሽ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ለውሻ ነዋ! ሌላ ማን ይበላዋል?»

«ውሻው ይበላዋል። ያ ታች የምታዪው አሸዋ በውሻው አንጀት ውስጥ ኮሶ ይሆናል። እንደ ሰው ኮሶ ረጅም አይደለም፣ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ነው። እንቁላሉ ከዓሩ ጋር ይወጣል። ፍየሏ ከሳሩ ጋር ትበላውና እሷም ጉበቷ ያብጣል። ውሻው ደግሞ ቂጡን ይልሳል። በዚያው ምላሱ...»

«ልጁን ይልሳል» አለች።

እኛ ጋ ውሃ ግማሽ ቀን ተሂዶ ነው የሚቀዳው። ልጅ ሲያራ እናት ውሻ ትጠራለች፤ ውሻው ልጁን ልሶ ያጸዳዋል። እኔንም እንዲሁ ነው ያሳደገኝ። ሞግዚት ውሻ የሌላት እናት ሰፈሩ ያዝንላታል።

«ከገባ በኋላ ለማበጥ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«አሥር ዓመት። አሥራ አምስት። ከዚያም የሚበልጥ አለ።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «እንግዲያው የእኔ ውሻ፣ ሎፑስ፣ አይደለም። የእናቴ ውሻ ነው።» ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ፤ ሎፑስን ትወደዋለች። ወዲያው ግን ብርጭቆውን አስቀመጠችና ብርድ ልብሱን ገፈፈች። «ሎፑስ አሁን ልጄን እየላሰ ነው! አኩዋምን እየላሳት ነው!»

ናኩዋ ትከሻዋን ይዛ ወደ ኋላ ገፋቻት። «ተኚ! አንጀትሽን መንገድ ለመንገድ ልታዘሪው ነው?»

«እንግዲያው አንቺ ሂጂ። ዛሬውኑ ሂጂ። ሎፑስን እሰሪው፣ ልጄም ፊት እንዳይደርስ። የአንቺንም እሰሪው። ሳቂብኝ ደግሞ፣ ግን ሂጂ።»

ናኩዋ ሳቀችባት። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። ሰፈር ደርሳ ውሻ ስታስር ያዩ ሁሉ፣ ሐኪሟ የአሲኝየንን ሆድ ስትቀድ አእምሮዋን አብራ አውጥታዋለች፣ እብደቱ ለጣውንቷም ተጋብቶባታል ብለው አወሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔና አሲኝየን በሐኪም ቤቱ ላንድሮቨር እስከ ደረቁ ወንዝ ሄደን፣ ከዚያ ወዲያ በእግራችን ቀጠልን። የውሻ መድኃኒት፣ ጓንትና አንድ ጥቁር ሳህን ይዣለሁ። ብርጭቆውን እሷ በቁርበቷ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ልቀበልሽ ብላት አልሰጠችኝም።

ሰፈሩ በእልልታ ወጣ። ከሞት የተመለሰ ሰው ነውና አማቷ ኤኪዶር ነጭ ፍየል አሳረዱላት። ኤኪዶር የዚያ ሰፈር ትልቅ ሰው ናቸው። ፍየል በታረደ ቁጥር አንጀቱን ዘርግተው አንብበው፣ ዝናብ ወዴት እንዳለ፣ ጠላት ከየት እንደሚመጣ የሚናገሩ እሳቸው ናቸው። ሁለት ሴት ልጆቻቸው እንደ አሲኝየን ሆዳቸው አብጦ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የቶፖሳ ስም ሲነሳ ምራቃቸውን ይተፋሉ።

ወንዶቹ ዛፋቸው ሥር፣ ትንንሽ በርጩማቸው ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። እኔም ትምባሆ አድዬ ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ፤ ስለ ውሻው ነገር እንዴት እንደምጀምር እያሰላሰልኩ። ንግግሬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ደህና ንግግር ነበር። አላስፈለገም።

ፍየሏን የሚበልተው ሰው ጉበቱን አወጣ፣ አገላበጠው፣ ፊቱን አጨማደደና የታመመውን ጎን ቆርጦ ወረወረው። አንድ ቀይ ውሻ ገና አየር ላይ እያለ ሊቀልበው ዘለለ። አሲኝየን ከተሰፋ ሦስት ሳምንት የሆነው ሆድ ይዛ ዘላ ወደቀችበት። ውሻው አንዱን ጫፍ በጥርሱ፣ እሷ ሌላውን በእጇ ይዘው ተጓተቱ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ናኩዋ በጭራሮ ውሻውን አፍንጫው ላይ አቀመሰችው፣ ለቀቀ።

አሲኝየን ያቺን ቁራጭ ጉበት ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ወንዶቹ ዛፍ መጣች። ሴት እዚያ ክብ ውስጥ አትገባም። በተለይ ምራት ከአማቷ ፊት እንዲህ ቆማ አታውቅም። ከባሏ ወንድሞች አንዱ፣ ሎቻ የሚባለው፣ በትሩን ይዞ ብድግ አለ። ኤኪዶር እጃቸውን አንስተው መለሱት። ለምን እንደመለሱት ኋላ ጠይቄያቸው ነበር፤ «ደም እየፈሰሳት ነበር» አሉኝ። እውነትም ስፌቷ አንድ ቦታ ላይ ተላቆ ነበር።

ጉበቱን ከእግራቸው ሥር፣ ቅጠል ላይ አኖረችው። ብርጭቆውን ከጎኑ አስቀመጠች። ከዚያ ቁርበቷን ገለጥ አድርጋ ከደረቷ አጥንት እስከ እምብርቷ የወረደውን ጠባሳ አሳየች።

«አባቴ፣ ይሄኛው ከእኔ የወጣ ነው። ያኛው አሁን ከፍየሏ የወጣ ነው። እርስዎ አርባ ዓመት የእንስሳ ሆድ ሲያነቡ ኖረዋል። ይሄን ያንብቡልን።»

ኤኪዶር ከበርጩማቸው ወርደው ተንበረከኩ። ብርጭቆውን ለፀሐይ አንስተው አዩ። ከዚያ ቢላዋ ተቀበሉና ጉበቱ ላይ ያለውን ፊኛ በስሱ በጡት። የጠራ ውሃ ቅጠሉ ላይ ፈሰሰ። ውስጡ ነጭ፣ የእንቁላል ነጭ የመሰለ ከረጢት ነበር። በቢላዋው ጫፍ አወጡትና ከብርጭቆው ጋር አስጠግተው፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያዩ ብዙ ቆዩ።

ሎቻ አላስቻለውም። «ቶፖሳዎች በፍየሏም ላይ ደገሙባት እንዴ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ኤኪዶር አልሳቁም።

«አንድ ነው» አሉ። «አንድ ነገር ነው። ይሄንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ለውሻ ነው የምወረውረው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ኤቤይ፣ አንተ ተምረሃል። ተናገር። ከውሻው ወዴት ይሄዳል?»

ነገርኳቸው። ለአሲኝየን የነገርኳትን ያንኑ ነገርኩ፤ ጉበቱን፣ ኮሶውን፣ ምላሱን፣ ልጁን። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ቢላዋውን አሸዋው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ፊት ለፊታቸው ዘረጉና መዳፋቸውን አዩት።

«ናንጊሮን ያሳደጋት ውሻ ጥቁር ነበር» አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት፣ የሞተችው። «ጎበዝ ውሻ ነበር። ለእሱ ሁልጊዜ ጉበቱን እየመረጥኩ እሰጠው ነበር።»

ያን ጊዜ አሲኝየን ያደረገችውን አልረሳም። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ዓይኑንም አታይም። እሷ ግን ከፊታቸው ቁጭ አለች፣ አሸዋው ላይ፣ እኩል።

«እርስዎ አልገደሏትም፤ አያውቁም ነበር። እናቴም አታውቅም ነበር። እኔም ለአኩዋም ውሻ ስጠራ አላውቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን እናውቃለን።»

ኤኪዶር ተነሥተው ጉበቱን በገዛ እጃቸው እሳት ውስጥ ከተቱት። እስኪከስል ድረስ ከእሳቱ ራስ አልተንቀሳቀሱም።

በማግስቱ ጠዋት ውሾቹን ሰበሰብን። ሎቻ «ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድነው? ሁሉንም ገድለን አንገላገልም?» አለ።

«ጅብ ሲመጣ ታዲያ አንተ ትጮህልናለህ?» አለችው አሲኝየን። «ድምፅህ እንኳን ለጅብ ለፍየልም አይበቃም።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ሎቻም ሳቀ፤ የመጀመሪያውን ውሻ ይዞልኝ የመጣውም እሱ ነው።

የሚያስቀምጠውን መድኃኒት መጀመሪያ ለሎፑስ ሰጠሁት። አሲኝየን እሷ ራሷ ጠይቃ ነው፤ የሌላ ሰው ውሻ አላዋርድም አለች። ብዙም ሳይቆይ አስቀመጠው። ሰዉን ከነፋሱ ወዲያ አቁሜ፣ ጓንቴን አድርጌ፣ ያወጣውን በውሃ በጥብጬ ጥቁሩ ሳህን ላይ አፈሰስኩት። ፀሐይ ሲያርፍበት ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። አንድ ሁለት አይደሉም፤ ሳህኑን አልብሰውታል። አንዳንዶቹ ይላወሳሉ።

ናኩዋ አንገቷን አስግጋ አየች። «ይቺ ናት? ይቺ ቅንጣት ናት ያን የሚያክል ሆድ የሠራችው?»

«ይቺ ናት።»

«እኔ ደግሞ ከነጢሙ ስጠብቀው ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ልማዷ አልነበረም። ሦስት ልጅ አላት፤ ሦስቱንም ውሻ ነው ያሳደጋቸው።

ሁሉንም ጉድጓድ ውስጥ አቃጠልነው። ከዚያ የሚገድለውን ክኒን በስብ ጠቅልለን ውሾቹን ሁሉ አስዋጥናቸው። በየስድስት ሳምንቱ መደገም እንዳለበት ለሴቶቹ ስነግር፣ አንዲት ጨቅላ የታቀፈች እናት «እሺ፣ ውሻው ይቅር። ልጁን ማን ይጠርግ? አንተ ትመጣለህ?» አለችኝ።

ሐኪም ቤት የተማርኩት «በውሃና በሳሙና ታጠቡ» የሚል ነበር፤ ይሄን እዚያ ብናገር በሎቻ ከሳቁበት በላይ ይስቁብኝ ነበር። መልሱን ያመጣችው አሲኝየን ናት። ከደረቁ ወንዝ ደቃቁን አሸዋ ነፍታ፣ ቀኑን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች። ልጁን ሰፋ ባለ ለስላሳ ቅጠል ትጠርገዋለች፣ አሸዋውን ነስንሳ ታራግፈዋለች፣ በመጨረሻ ቅቤ ታስነካዋለች። አንድ ጠብታ ውሃ አያስፈልገውም። ዶክተር ሙቶኒ ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና መዝገቧ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሰፈሮች እንዲያ እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ የሳሙናውን ነገር ትቼዋለሁ።

ሐኪም ቤቱ ለዚያ አካባቢ የውሻ መድኃኒት የሚያዞር ሰው ሲፈልግ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ይሁን ተባለ። አሲኝየን አትችልም። ሙቶኒ ግን አስጠርታ ቀጠረቻት። ውሻውን ሁሉ በስምና በመልክ ትይዘዋለች፤ የትኛው ውሻ የማን እንደሆነ፣ ማን ክኒኑን ተፍቶ ማን እንደዋጠ፣ የትኛዋ ባለቤት «ሰጥቻለሁ» ብላ እንደምትዋሽ። እኔ ደብተር ይዤ ስከተላት፣ የምሳሳተው እኔ ነበርኩ። በየስድስት ሳምንቱ የፍየል ቆዳ ከረጢቷን አንግታ፣ ከሰፈር ሰፈር ስትሄድ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በዝናብም በድርቅም። ከብቶቹ ርቀው ሲሰደዱ ተከትላ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ በግራ እጇ ላይ ውሻ ነክሷት አንድ ጣቷ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ኤኪዶር እስኪሞቱ ድረስ፣ በየእርዱ ላይ አንጀቱን ካነበቡ በኋላ ጉበቱን ያገላብጡ ነበር። «ይሄ ለእሳት» ካሉ ለእሳት ነው።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የሆድ ውስጥን የሚያሳይ መሣሪያ መጣ። ከጀነሬተር ጋር በመኪና ጭነን ሰፈር ለሰፈር ዞርን። አሲኝየን ሰዉን ታሰልፋለች፤ ሙቶኒ ትመረምራለች። ከአዋቂዎቹ መካከል ፊኛ የተገኘባቸው ነበሩ፤ ያ የድሮው ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ የተወለዱት ሕፃናት ግን እየተኙ ሲነሱ፣ እየተኙ ሲነሱ፣ መሣሪያው ላይ ምንም አልታየም። ናኩዋ ከዚያ ወዲህ ከወለደችው ልጅ ጀምሮ የዚያ ሰፈር ሕፃን አንድም የለበትም ነበር። ሙቶኒ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ ሌላ ሕፃን አስገቡ አለች።

ከዚያ አኩዋም ተኛች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ሆኖ፣ አንገቷ በጨሌ ተሞልቶ፣ ልታገባ የደረሰች ናት። ሙቶኒ መሣሪያውን ጉበቷ ላይ አሳርፋ ቆየች። መልሳ አሳረፈች። እኔን ሳይሆን አሲኝየንን አየቻት።

ፊኛው የሎሚ ያህል ነበር። አሲኝየን ሐኪም ቤት ከመምጣቷ በፊት የገባ ነው፤ ውሻው ከመታሰሩ በፊት።

አሲኝየን ከጥላው ወጥታ፣ ከሰዉ ራቅ ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ተከትያት ሄድኩ። ትንሽ ስለሆነ መቅደድ ላያስፈልግ እንደሚችል፣ አሁን በክኒን የሚያከስም መድኃኒት እንዳለ፣ ወራት ብትውጥ ሊጠፋ እንደሚችል ነገርኳት። እውነት ነበር፤ አኩዋም ክኒኑን ስምንት ወር ውጣ ፊኛው ሟሽሾ ደርቋል፤ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ያን ቀን ግን ይሄን ማንም አያውቅም።

«አራት ዓመት» አለች አሲኝየን። «አራት ዓመት ብቻ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ሆነው፣ ሰልፉ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ደርሷል። አንዱ ያለቅሳል፤ አንዷ እናት ታስቀው ዘንድ ምላሷን ታወጣለታለች። አሲኝየን እነሱን እያየች ቆየች። ከዚያ እጇን ለእኔ ዘረጋችልኝ፣ ስቤ አነሣኋት፣ ቁርበቷን አራገፈች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ሰልፉን ጮክ ብላ። «ያ የሚያለቅሰው ይቅደም። አምጡት።»